ሸምግሎ የጎጃምን መንገድ መጓዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረተኛ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። እኔ የክትባት ሳጥን ታቅፌ፣ እሱ መሪ ይዞ፣ ምሥራቅ ጎጃምን ስንዞር ኖርን። አሁን እኔ 69፣ እሱ 76 ሆነናል። ጉልበቱ ሄዷል። ልባችን ግን አሁንም መንገድ መንገድ ይላል። ይኸን የሚያውቅ ዘመድ ጎረቤቱ ይደውልልኛል። "እትዬ፣ እማማን ይዘን ባሕር ዳር ብንሄድ ምን ይላሉ?" "አባባ ዓባይን ሳላይ አልሞትም ብለዋል፣ ምን እናድርግ?" ለሁሉም ያው መልስ ነውና፣ ስልክ ላይ ከምደክም ብዬ ጻፍኩት። የሚያውቃችሁ ሐኪም ካለ ግን ከእኔ ቃል የእሱ ይበልጣል።

ዕድሜዬ ከ70 አልፏል። ረጅም መንገድ ይቻለኛል?

ዓመትዎን አልጠይቅም። ከቤትዎ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሳያርፉ ይሄዳሉ? ከመኪና ወርደው ሽንት ቤት ደርሰው ለመመለስ ሰው መደገፍ አለብዎት? የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትዎ ሰሞኑን ተቀይሯል? መልሱ ደህና ከሆነ ይነሱ። 82 ዓመታቸው ሆኖ ከእኔ በተሻለ የሚጓዙ ሴት አውቃለሁ።

ሰሞኑን ደረትዎን አሞዎት ከነበረ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልዎ፣ ስትሮክ ከመታዎት ወይም አንድ እግርዎ ብቻ አብጦ ካመመዎት ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ለመሄድ በማርቆስ ይሻላል በሞጣ?

ጎሃ ጽዮን ላይ ወርደን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ ደጀን ከወጣን በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ሌላው በማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ይዞራል። የሞጣው ያጥራል። ልጅ ሆኜ ብትጠይቁኝ ሞጣ እል ነበር። ሜዳው ይጣፍጣል፤ የጤፉ ማሳ ነፋስ ሲነካው ውሃ ይመስላል።

ዛሬ ማርቆስ እላለሁ። ለከተማዬ አድልቼ እንዳይመስላችሁ። በዚህኛው መስመር ከተሞቹ ይቀራረባሉ። አንዱን ስታልፍ ሌላው ይመጣል። የሽማግሌ ካርታ የሚሳለው በሽንት ቤት ነው። ከዚያ በሐኪም ቤት። ከዚያ ቡና ባለበት። ዕይታ አራተኛ ነው፤ ይኸን ስጽፍ ራሴን ያስቀኛል። ዱሮ ዕይታ አንደኛ ነበር።

በስንት ቀን እንጓዘው?

ዱሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ባሕር ዳር እንገባ ነበር። አሁን ሁለት ቀን፣ ብትችሉ ሦስት። አዲስ አበባና ማርቆስ መካከል ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ያ ለአንድ ቀን ይበቃል። ማርቆስ እደሩ። በማግስቱ አርፍዳችሁ ተነሱ። አቅም ካነሰ እንጅባራ ላይ ድገሙት። እኛ እንጅባራን እስከ ዛሬ ኮሶበር ነው የምንለው። ብርድ ልብስ ግን ያዙ፤ ኮሶበር ብርዷ አጥንት ይገባል።

አንድ ነገር ላጥብቅ፦ በየሰዓቱ፣ ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ ተራመዱ። ብዙ ሰዓት የታጠፈ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። መውረድ ካልተቻለ ወንበር ላይ እንዳላችሁ ተረከዝ አንሱ፣ ጣት አንሱ፣ ደጋግሙት። ባታችሁ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ባለቤቴ ይኸን ሲያደርግ "ስፌት እየሰፋሁ ነው" ይላል፤ የልብስ ስፌት መኪና እንደሚረግጥ ሰው።

የዓባይ በረሃ ያስፈራናል። ጆሮ ይደፍናል፣ ያዞራል ይባላል።

ይባላል ብቻ ሳይሆን ያደርጋል። ጎሃ ጽዮንም ደጀንም ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ዓባይ ከሥር ከ1,000 ሜትር ብዙም ከፍ ሳይል ይፈሳል። በትንሽ ጊዜ ውስጥ ከደጋ ቆላ፣ ከቆላ ደጋ ትሆናላችሁ። ደጀን ስትደርሱ ጋቢ የሚያስመኘው አየር ታች ሸሚዝ ያስፈታል።

ለጆሮ፦ ምራቅ መዋጥ፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ጥርስ ላለው ቆሎ። መተኛት ክልክል ነው፤ የተኛ ሰው ምራቁን በደንብ አይውጥም፣ ጆሮው ታሞ ይነሳል። ለማዞር፦ ፊት ወንበር፣ ዓይን ከሩቅ መንገድ ላይ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ። ሎሚ ማሽተት የእናቶቻችን ነው፤ መድኃኒት ነው ብዬ አልምልም፣ እኔ ግን ሳልይዝ አልወጣም። ከቁልቁለቱ በፊት ጥጋብም ባዶ ሆድም አይሆንም።

ሹፌሩ በማርሽ ይውረድ። እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሳ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬኑ ይግላል፤ ሽታው አፍንጫ ይገባል። ባለቤቴ ያንን ሽታ ከሁላችን ቀድሞ ነው የሚያሸተው። "ሁለተኛ አስገባ!" ይላል። ሹፌሩ የማናውቀው ሰው ቢሆንም ይላል። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ። ቀስ በል ማለት የሽማግሌ መብት ነው።

ድልድዩ ጋ ሙቀት አለ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ድንገት ስትነሱ ዓይናችሁ ይጨልማል። በሩን ክፈቱ፣ እግራችሁን መሬት አስነኩ፣ እስከ ሃያ ቁጠሩ፣ ከዚያ ተነሱ። አሁን የምንሻገረው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ተመረቀ። አሮጌው አጠገቡ ቆሟል። ሰው ሁሉ አዲሱን ያያል፤ ባለቤቴ አንገቱን አዙሮ አሮጌውን። "ስንት ጊዜ ተሸክሞኛል እኮ" ይላል። በየጊዜው፣ ያንኑ ቃል።

አባቴ 78 ናቸው። "እኔ ነኝ የምነዳ" ይላሉ። ቁልፉን እንዴት ልቀበላቸው?

ይኸ በቤቴ የሆነ ነገር ነው።

ከደጀን ወደ ማርቆስ እየተመለስን ነበር። ፀሐይ ልትገባ ፊት ለፊታችን ወርዳለች። ሉማሜን አልፈናል። ገለባ የተጫነ አህያ መንገዱ መሀል ቆሟል። እኔ ከሩቅ አየሁት። ያየው መስሎኝ ዝም አልኩ። መኪናው አልቀነሰም። "አህያ!" ብዬ ጮህኩ። ፍሬን ያዘ። የገለባው ጫፍ ስፖኪዮውን ጠርጎት አለፈ። አህያውን የሚነዳው ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ደርቆ ቀረ።

ባለቤቴ ዳር ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። ብዙ ቆየ።

"አንቺ አይተሽው ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ ፀሐዩን ብቻ ነው ያየሁት።"

ከዚያ ወርዶ በኋላ በኩል ዞረ። ልጃችን ከኋላ ተቀምጧል። በመስኮት ቁልፉን አቀበለው። አንድ ቃል የተናገረ የለም። እስከ ማርቆስ ማንም ሬዲዮ አልከፈተም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሁለቱም ዓይኑ ሞራ አለበት። ሞራ ያለበት ዓይን ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣበት ሁሉም ነገር ነጭ ጭጋግ ይሆንበታል፤ የምሽት ፀሐይና የማታ መብራት ጠላቱ ናቸው። ደግነቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እሱም አንዱን አስወጥቶ አሁን ከእኔ በተሻለ ያያል። ግላኮማ ግን ሌላ ነው። ከጎን እየሰረቀ ይሄዳል፤ የጠፋው አይመለስም፣ መድኃኒቱ የቀረውን ያቆያል እንጂ። ስለዚህ ከአባትዎ ጋር ከመጨቃጨቅዎ በፊት ዓይናቸውን ያስመርምሩ። "አርጅተዋል" ከማለት "ዓይንዎን እንታይ" ይቀላል። ክልከላውም ከልጅ አፍ ከሚወጣ ከሐኪም አፍ ቢወጣ ይሻላል።

በልጅ ልጆች ፊት አይንገሯቸው። የሃምሳ ዓመት ሹፌርን በሕፃናት ፊት መሪ መንጠቅ ሱሪ እንደ ማስወለቅ ነው። ደግሞም ቁልፉን የተቀበላችሁትን ሰው ከኋላ አታስቀምጡ። ጋቢናው የእሳቸው ነው። መንገዱን ይምሩ፣ የት ቡና እንደሚጠጣ ይወስኑ፣ ጎሚስታው ጋ ይደራደሩ። የእኛ ሰውዬ አሁን መሪ አይዝም እንጂ መኪናው በእሱ ቃል ነው የሚሄደው። ልጄ አንዳንዴ ይመረዋል። ይመረው።

ሽንት አስቸገረኝ። ስለዚህ ጉዞ ቀረብኝ።

ይኸን ጥያቄ ሰው የሚጠይቀኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ዝቅ አታድርጉት። ግማሹ ሽማግሌ ቤቱ የቀረው በዚህ ነው፤ ልጆቹ ግን "መንገድ ጠልቷል" ይላሉ።

በመጀመሪያ፣ ውሃ መጠጣት አቁማችሁ አትሂዱ። ሽንት ይቀንሳል ብላችሁ ትጠማላችሁ፣ ከዚያ ግፊት ወርዶ ትወድቃላችሁ። ጥቂት ጥቂት እየተጎነጫችሁ ሂዱ። ሻይና ቡና ቀንሱ፤ እነሱ ናቸው የሚያጣድፉት። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ወይም የልብ ኪኒን ካለ ደግሞ በራሳችሁ አትዝለሉት። ከጉዞው በፊት ሐኪሙን "የመንገድ ቀን በስንት ሰዓት ልውሰደው?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል። ወንዶች፣ ሌሊት አራት አምስቴ የምትነሱ ከሆነ ፕሮስቴታችሁን አሳዩ። ዕድሜ ነው ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ድፍረት ነው። ሹፌሩን "አቁም" በሉት። የሕዝብ መኪና ከሆነ ገና ሳትነሱ ለረዳቱ ንገሩት፤ ቀድሞ የተነገረው ረዳት አይቆጣም። ለሴቶች ሰፊ ነጠላና አንድ ሶፍት አይረሳ። ለአዋቂ የሚሆን ዳይፐርም በፋርማሲ ይሸጣል፤ ማንም አያየውም።

አንድ ማደያ ላይ "ሽንት ቤቱ ለደንበኛ ነው" ተብዬ፣ ባለቤቴ ሳያስፈልገው ነዳጅ አስቀድቶልኛል። በትዳራችን ካደረገልኝ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

ኢንሱሊን እወስዳለሁ። በረሃው አያበላሽብኝም?

ጥሩ ጥያቄ። በር ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያበላሸዋል። ስትወርዱ ይዛችሁት ውረዱ። የተከፈተ ኢንሱሊን በደህና የቤት ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ ለሁለት ሦስት ቀን ጉዞ አትጨነቁ። እኔ የያዝኩት ዱሮ ክትባት የምናመላልስበትን ዓይነት ትንሽ ሳጥን ነው። ከበረዶው ጋር ግን አታነካኩት፤ በፎጣ ጠቅልሉት። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ከሞቀው አይሻልም፣ አንዴ ከረጋ ይጣላል። ሳጥን ከሌለ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ እንደ እንስራ ውሃ ያበርደዋል።

ከረሜላ ወይም ስኳር ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ። ሻንጣው ፖርቶመጋላ ላይ ታስሮ እናንተ ከሥር እየተንቀጠቀጣችሁ ላብ ቢያጠምቃችሁ ማን ያወርድላችኋል?

ጾም ላይ ነን። ግሽ ዓባይ ጸበል መሄድ እንፈልጋለን።

ግሽ ዓባይ ሰከላ ውስጥ ነው፤ የዓባይ መነሻ። እንደ ሥርዓቱ ምግብ የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይጠጋም። ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም። ስኳር ላለበት፣ በተለይ ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበላ ለሚውል፣ አደጋ ነው። ስኳሩ ወርዶ ሰው ራሱን ይስታል። መጀመሪያ ሐኪማችሁን፣ ከዚያ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የማውቃቸው አባቶች ሁሉ ለታማሚ ጾም ይፈቱለታል፤ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ ነው። መድኃኒት አቋርጦ ጸበል የሄደ ሰው ስንት ጊዜ በቃሬዛ እንደመጣልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ጸበሉንም መድኃኒቱንም ያዙ።

መጨረሻው በእግር ነው። ጠዋት በብርዱ፣ ከዘራ ይዛችሁ፣ ከአንድ ጎልማሳ ጋር።

ጮቄ ተራራ መውጣትስ?

እግሩ ሥር ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ሽቅብ ማየት። ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው እዚያ አይደር።

የትኛው መኪና ይሻላል?

የራስ መኪና ካለ እሱ። ከሌለ ትልቅ አውቶብስ፣ ከፊት፣ በመተላለፊያው በኩል። ሚኒባስ ጉልበት ያጥፋል፣ ሰውም ከልክ በላይ ይጭናል። ከፍ ላለ መኪና ዱካ ያዙ። የምትቀመጡበትን ያችን የእንጨት ዱካ ነው የምለው። ላንድክሩዘር ላይ በእሷ ረግጣችሁ ስትወጡ ማንም ብብታችሁን አይዝም። ቀበቶ እሰሩ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር መካከል አውሮፕላን አለ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለታማሚ መልካም ነው። መንገድ ናፍቋችሁ ከሆነ ግን ደመና አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

መቼ እንሂድ?

ጥቅምት። ክረምቱ አልፎ ጭጋጉ ተገፏል፣ አደዩም ገና አላለቀም። በክረምት የዓባይ በረሃ አፈር ይንሸራተታል። ፈረስ የምትወዱ ጥር 23 እንጅባራ ድረሱ፤ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ቆሞ ማየት ያደክማል፣ ዱካዋ እዚያም ትጠቅማለች። በመንገዳችሁ ዘንገና ሐይቅን አትለፉት። ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ሩቅ መራመድ አይጠይቅም። ክብ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው።

መንገዱ ሰላም ነው?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ይኸን በጽሑፍ መመለስ አይቻልም። የዛሬው መንገድ የነገ አይደለም። በማለዳ እዚያው መስመር ላይ ወዳለ ዘመድ ደውሉ፤ ሹፌሮችን ጠይቁ። ቅር የሚላቸው ካሉ አትውጡ። በጨለማ አትጓዙ። የአንድ ሳምንት መድኃኒት ትርፍ ያዙ፤ መንገድ ሲዘጋ የት እንደምታድሩ አታውቁም።

ምንም መጓዝ የማልችል ቢሆንስ? ናፍቆቱን ምን ላድርገው?

አሳጥሩት እንጂ አትተዉት። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ስንሄድ ባለቤቴ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግሬ ካልተሻገርኩ አለ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትሩን። ጉልበቱን አውቀዋለሁ፤ አይሆንም አልኩት። ሄደ። መሀሉ ላይ አጥሩን ይዞ ቆመ። ውሃውን ያያል ብዬ ተጠጋሁ። መኪኖቹን ነበር የሚያየው። የየትኛው ሞተር ድምፅ እንደተበላሸ ይነግረኛል። ከዚያ ባጃጅ ጠራን። ግማሽ ድልድይ ነው የተሻገረው፤ ለሰው ሲያወራ ግን ሙሉውን ነው። አላርመውም።

ዘንድሮ እሱም ከበደው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃችን ከሉማሜ መንገድ የተወሰነ ኪሎ ሜትር ይወስደውና ቡና አጠጥቶ ይመልሰዋል። ሌላውን ቀን በረንዳ ላይ ነው። የልጅ ልጃችን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ወንበር ገልብጦ መሪ ያደርጋል። ባለቤቴ ጋቢና ይቀመጣል፣ ማለት ዱካዋ ላይ። ልጁ እየነዳ ከተማ ይጠራል። "ማርቆስ! አማኑኤል! ደምበጫ! ጅጋ! ፍኖተ ሰላም! ቡሬ!"

"ቁም" ይለዋል። "ማንኩሳን የት ጣልካት? አዙር።"

ልጁ አፉን እያንጫጫ ወደ ኋላ ማርሽ ያስገባል።